ባንክ ያጨሳል እንዴ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሄዳችሁ ሁሉ ፍኖተ ሰላም ላይ አስፋልቱን ተከትለው የተደረደሩትን የባንክ ታፔላዎች ታውቋቸዋላችሁ። አለፍ ብሎ ቡሬም እንደዚያው ነው። መስታወት፣ ኮምፒውተር፣ ወረፋ፤ በቃ። ፋብሪካ ያጨሳል፣ አይሱዙ ያጨሳል፣ ባንክ ግን ከየት አምጥቶ ያጨሳል? የዘላቂነት ሪፖርት የሚባለው ሰነድ ከሚመልሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። መልሱን ቅርንጫፉ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ያለው ከተማዋን በከበቡት የጃቢ ጠህናን የበቆሎ ማሳዎች ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የባንኮቻችንን ዓመታዊ ሪፖርት ስታገላብጡ ብዙ ጊዜ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የምትል ክፍል ታገኛላችሁ። ለትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ ለተፈናቀሉ ወገኖች እርዳታ፣ ክረምት ላይ ደግሞ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ሲተከል የተነሳ ፎቶ። መልካም ሥራ ነው፣ አላጣጥለውም። ግን የሚነግረን ባንኩ ካተረፈው ላይ ምን እንደሰጠ ብቻ ነው። የዘላቂነት ሪፖርት ጥያቄው ቀደም ይላል፦ ትርፉ ራሱ ሲገኝ መሬቱ፣ ውሃው፣ አየሩና ሰዉ ምን ሆኑ?

አሁን ካልኩሌተር አውጡ። ዓለም አቀፉ የአቆጣጠር ዘዴ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀትን ስኮፕ 1፣ 2 እና 3 ብሎ ይከፍለዋል። ስኮፕ 1 ድርጅቱ ራሱ ያቃጠለው ነው፦ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄነሬተር፣ የብድር ሠራተኛው ሞተር ሳይክል። ስኮፕ 2 የገዛው ኤሌክትሪክ ነው፤ የእኛ አገር ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመነጭ እሱን እንለፈው። ስኮፕ 3 የቀረው ሁሉ ነው። በውስጡ 15 ምድቦች አሉት። ለባንክ ዋናው የመጨረሻው፣ 15ኛው ነው፦ ያበደረው ወይም ያዋለው ገንዘብ ሌላ ቦታ ላይ ያስከተለው ልቀት።

አንድ ምናባዊ ቅርንጫፍ እንውሰድ። ጄነሬተሩ በቀን 10 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል እንበል፤ በዓመት ለ250 የሥራ ቀን 2,500 ሊትር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ድምሩ 7 ቶን አይሞላም። ስኮፕ 1 ይሄው ነው፤ ሞተር ሳይክሎቹ ብዙም አይለውጡትም።

ይኸው ቅርንጫፍ ለ2,000 ገበሬዎች የማዳበሪያ ብድር ሰጠ፣ እያንዳንዳቸው 2 ኩንታል ዩሪያ ገዙ እንበል። ከአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። የአፈር ባክቴሪያዎች ከዚህ ናይትሮጅን ጥቂቱን ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ይለውጡታል። አይፒሲሲ ለግምት የሚጠቀምበት ቁጥር 1 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ችግሩ ናይትረስ ኦክሳይድ በ100 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። ስንመነዝረው 197 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይሆናል። ዩሪያ ራሱም በውስጡ ካርቦን አለው፤ አፈር ውስጥ ሲፈርስ 73 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ 270 ኪሎ ግራም፣ ያውም ማዳበሪያው ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት የወጣውን ሳንቆጥር።

እንግዲህ አንድ ኩንታል ዩሪያ ማሳ ላይ የሚለቀው 100 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ከሚወጣው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። የእኛ ቅርንጫፍ 4,000 ኩንታል ስላስገዛ 1,080 ቶን መጣ። ከጄነሬተሩ 160 እጥፍ! ይህ የጎጃም ልዩ ጠባይ እንዳይመስላችሁ፤ ሲዲፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ትንታኔ፣ ስሌቱን ሠርተው ያሳወቁ የፋይናንስ ተቋማት በገንዘባቸው በኩል የሚለቁት በቀጥታ ከሚለቁት በአማካይ ከ700 እጥፍ በላይ ነበር።

ችግኙስ? የደረቀ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ካርቦን ነው። የአንዷን ኩንታል ዩሪያ ልቀት የሚያህል ካርቦን ለመያዝ ሥሩን ጨምሮ 147 ኪሎ ደረቅ እንጨት መብቀል አለበት፤ ያውም ፎቶ ከተነሳ በኋላ ከብት ካልበላው።

ይሄ ሁሉ በባንኩ ስም ይጻፋል ማለት ግን አይደለም። ፒካፍ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተጀመረው የባንኮች የካርቦን አቆጣጠር ኅብረት፣ ድርሻን የሚያካፍል ቀመር አለው። የሥራው ጠቅላላ ካፒታል 100 ብር ሆኖ የባንኩ ብድር 25 ከሆነ፣ ባንኩ የልቀቱን ሩብ ይወስዳል። በእኛ ምሳሌ 270 ቶን፤ አሁንም ከጄነሬተሩ 40 እጥፍ። ቡሬ ላለ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ቢሆን ስሌቱ ይቀላል፣ የነዳጅ ደረሰኝና የሒሳብ መዝገብ አለ። አንድ ጥማድ በሬና ግማሽ ሄክታር መሬት ያላቸው ገበሬ ካፒታላቸው ስንት ነው? እዚህ ላይ ቀመሩ ይንገዳገዳል።

«ታዲያ ባንኩ ለማዳበሪያ ማበደር ያቁም?» የሚል ካለ፣ በጭራሽ! ያለ ዩሪያ የበቆሎው ምርት ይወርዳል፣ ቤተሰብ ይራባል። ቁጥሩ የሚጠቅመው የት ላይ መሥራት እንደሚያዋጣ ለማሳየት ነው። ዩሪያ አንዴ ከሚበተን ተከፋፍሎ ቢሰጥ፣ አፈሩ እርጥበት ሲይዝ ቢጨመርና አፈር ቢለብስ ብክነቱ ይቀንሳል። ጄነሬተሩን በሶላር መቀየር ጥሩ ነው፤ ግን ከ7 ቶኗ ላይ ነው የምትቀንሱት።

እኔን ከጋዙ በላይ የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው። ዩሪያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ሃይድሮጅን አየን ይለቃል፤ ይህ አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል። በዚያ ላይ የምዕራብ ጎጃም ክረምት ካልሲየሙን እያጠበ ይወስደዋል። ከአገራችን የእርሻ መሬት 40 በመቶ ገደማው አሲዳማ ነው ይባላል፤ ይህ አካባቢም በብርቱ ከተጠቁት አንዱ ነው። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አልሙኒየም ይሟሟና ሥሩን ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረሱም ይታሰርና ተክሉ አያገኘውም። ገበሬው በብድር የገዙት ማዳበሪያ እዚያው አጠገባቸው ተቀብሮ ይቀራል። ምርቱ ይቀንሳል፣ ዕዳው አይቀንስም።

የዘላቂነት ሪፖርት ሁለት ፊት አለው የሚባለው ለዚህ ነው። አንዱ ፊት ባንኩ በአፈሩ ላይ ያደረገውን ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ጂአርአይ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። ሌላው አፈሩ በባንኩ ላይ የሚያመጣውን ያሳያል፦ የማይመለስ ብድር። እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ የወጡት አይኤፍአርኤስ ኤስ1 እና ኤስ2 የሚያዩት ይህንን ነው። ባንኮቻችን ሒሳባቸውን የሚያዘጋጁበት አይኤፍአርኤስ የዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ስሙ ለሒሳብ ሠራተኞቻቸው እንግዳ አይደለም።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። (ኖራም ልቀት አለው፤ አንድ ኩንታል እስከ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ነፃ ነገር የለም።) ጣጣው የጊዜ ነው። ኖራ አንዴ ሲጨመር ለበርካታ ዓመታት ይሠራል፤ የግብአት ብድር ግን እህሉ ሲሰበሰብ ይመለሳል። በአንድ ምርት ዘመን የሚመለስ ብድር ያለባቸው ገበሬ የሚገዙት ዘንድሮ የሚያፈራውን ነው። ስለዚህ የኖራ ብድር መመለሻ ሦስት ዓመት ይሁን ወይስ አንድ የሚለው፣ ባንኩ ውስጥ የሚወሰነው ውሳኔ፣ ለእኔ ከማንኛውም የችግኝ ዘመቻ የሚበልጥ ማኅበራዊ ኃላፊነት ነው።

በዚህ አካባቢ ጉዳዩ ረጅም ታሪክ አለው። አብቁተ፣ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ፈቃድ አግኝቶ፣ መያዣ የሌላቸውን ገበሬዎች እርስ በርስ ዋስ እያደረገ በቡድን ሲያበድር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ ሆነ። ማሳ ድረስ በሚሄድ የብድር ሠራተኛ ላይ የተገነባ ተቋም ማለት ነው፤ ይህ ለቁጥር ሰብሳቢ ትልቅ ሀብት ነው።

ምክንያቱም ፒካፍ መረጃን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። 1 በትክክል የተለካና የተረጋገጠ፣ 5 ከአማካይ ተነስቶ የተገመተ። ገበሬ የማያውቅ ባንክ 5 ላይ ይቆማል። ፍኖተ ሰላም ያለ ቅርንጫፍ ግን ብድር ሲሰጥ ቅጽ ያስሞላል። ቅጹ ላይ ሦስት መስመር ቢጨመሩ፣ ማለትም ስንት ኩንታል፣ በስንት ሄክታር ላይ፣ አፈሩ የተመረመረው መቼ ነው የሚሉት፣ ነጥቡ ከ5 ይሻሻላል፤ የመጨረሻዋ መስመር ባዶ የሆነችባቸው ቅጾች ብዛትም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚላክ ዝርዝር ይሆናል።