በግጭት መካከል የሚታዘዝ መሪ፦ የዲሞሊሽን ደርቢ መኪና የመሪ ምሰሶ አሠራር

ዲሞሊሽን ደርቢ በአሜሪካ፣ በተለይም በገጠር አውራጃዎች ዓመታዊ የእርሻ ትርዒቶች ላይ የሚካሄድ የመኪና ግጥሚያ ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎቹ በፍጥነት የሚበላለጡበት ሳይሆን ሆን ብለው እርስ በርስ የሚጋጩበት ነው፤ የሌሎቹ ሞተር ጠፍቶ ወይም ጎማቸው ተሰብሮ ከቆሙ በኋላ በራሱ ኃይል መንቀሳቀስ የቻለው የመጨረሻው መኪና አሸናፊ ይሆናል። ስለ አጀማመሩ የሚነገረው ሁሉ አንድ ባይሆንም፣ አዘውትሮ የሚጠቀሰው ላሪ ሜንደልሰን እ.ኤ.አ. በ1958 በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ፣ በአይስሊፕ ስፒድዌይ ያዘጋጀው ግጥሚያ ነው። ወደ ሜዳው የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ያረጁ ትልልቅ የቤት መኪኖች ናቸው፤ መስታወታቸው ይወልቃል፣ በሮቻቸው ይበየዳሉ ወይም በሰንሰለት ይታሰራሉ፣ የቤንዚን ሰልባትዮው ተነሥቶ በምትኩ ትንሽ ታንክ የኋላ ወንበር በነበረበት ቦታ ይቀመጣል። የአሽከርካሪውን በር ሆን ብሎ መምታት ክልክል ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሌላ መኪና ያልመታም ከውድድሩ ይወጣል። በዚህ የተነሣ መሪው ያልታዘዘለት መኪና ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያጓራ ለሌሎች ዒላማ ከመሆን አያልፍም፤ ልምድ ያላቸው ሠሪዎችም ከሞተሩ ባልተናነሰ ለመሪ ምሰሶው የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

የመሪ ምሰሶ የሚባለው አሽከርካሪው ከሚጨብጠው መሪ ተነሥቶ በክሩስኮቶው ሥር የሚያልፈው፣ የሞተሩን ክፍል ከሰው መቀመጫው የሚለየውን ላሜራ በስቶ በሻንሲው ላይ እስከታሰረው የመሪ ሳጥን ድረስ የሚዘልቀው ዘንግ ከነማቀፊያ ቱቦው ነው። የመሪ ሳጥኑ ደግሞ የዘንጉን መዞር በውስጡ ባሉት ጥርሶች ወደ ጎን እንቅስቃሴ ይለውጥና በቲራንቲዎቹ፣ ማለትም ጎማዎቹን በሚገፉትና በሚስቡት ዘንጎች በኩል ለፊት እግሮች ያደርሳል።

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች ይህ ዘንግ ወጥ ብረት ስለነበር፣ መኪናው ፊት ለፊት ሲጋጭ ወደ ኋላ ተገፍቶ የአሽከርካሪውን ደረት ይወጋ ነበር። ጀኔራል ሞተርስ በ1967 ሞዴሎቹ ላይ ሲገፋ ወደ ውስጡ የሚሰበሰብ ምሰሶ አስገባ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ጀምሮ የጸኑት 203ኛውና 204ኛው የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃዎችም ጉዳዩን የሕግ ግዴታ አደረጉት። ከእነዚህ ውስጥ 204ኛው፣ መኪና በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግድግዳ ጋር ቢላተም ምሰሶው ወደ አሽከርካሪው ከ127 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይገፋ ይደነግጋል። ስለዚህ የፋብሪካው ምሰሶ እንዲሸነፍ ታስቦ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ የዘንጉ ክፍሎች በቀጫጭን የፕላስቲክ ካስማዎች ብቻ ተያይዘው ይቆማሉ፤ ምሰሶውን ከክሩስኮቶው ሥር የያዙት ማሰሪያዎችም በኃይል ሲመቱ እንዲላቀቁ ሆነው ተበጅተዋል።

ለመንገድ መኪና ይህ የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ ብልሃት ነው። በደርቢ ሜዳ ግን ግጭቱ አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያበቃ አይደለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ምት ካስማው የተቆረጠበትና ማሰሪያው የላላበት ምሰሶ በሦስተኛው ምት አሽከርካሪው ጭን ላይ ሊወድቅ ይችላል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዘንጉን ከመሪ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘው ጎማና ጨርቅ የተደራረበበት ክብ ሰሌዳም ንዝረትን ለመዋጥ እንጂ ለመጎተትና ለመጣመም የታሰበ ባለመሆኑ ይቀደዳል።

ዋናው ችግር ያለው ግን ከዚህም ጠለቅ ብሎ ነው። እንደ ሸቭሮሌ ኢምፓላና ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ያሉት የደርቢ ተመራጮች ቦዲያቸውና ሻንሲያቸው የተለያዩ፣ በብሎንና በጎማ ትራስ የተያያዙ ናቸው። ምሰሶው የታሰረው ከቦዲው ጋር ሲሆን የመሪ ሳጥኑ የታሰረው ከሻንሲው ጋር ነው። መኪናው ሲመታ ሻንሲው ይጎብጣል፣ ቦዲው በላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ በመሪውና በሳጥኑ መካከል ያለው ርቀትም አንዴ ያጥራል አንዴ ይረዝማል፤ ማዕዘኑም ይለወጣል። እንግዲህ የደርቢ ምሰሶ ሠሪ የሚጠበቅበት፣ ሲጠመዘዝ የማይበገር፣ በርዝመቱና በማዕዘኑ ግን እንደ ልብ የሚላላ ዘንግ ማበጀት ነው። ብረት ማወፈር ብቻውን መፍትሔ የሚመስለው ጀማሪ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የሚስተው ይህንን ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከላይ ነው። የውድድሩ ደንብ በሚፈቅደው መጠን ከግራ በር ምሰሶ እስከ ቀኝ በር ምሰሶ የሚዘረጋ ወፍራም ቱቦ በክሩስኮቶው ቦታ ይበየዳል፤ የመሪው ዘንግም በዚህ አግዳሚ ላይ በተበየደ ቅንፍና በታሰረ ኩሽኔታ ውስጥ ያልፋል። ለዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው 19 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 3/4 ኢንች ውፍረት ያለው ብረት ነው። ከኩሽኔታው በፊትና በኋላ ዘንጉን የሚገታ ቀለበት መግባት አለበት፤ በሞተሩ በኩል ያለው ቀለበት ዘንጉ ተገፍቶ ወደ አሽከርካሪው እንዳይመጣ፣ በመሪው በኩል ያለው ደግሞ ተስቦ ወደ ፊት እንዳይሄድ ይከለክላል። ከዋጋው አንጻር በመላው ምሰሶ ውስጥ እንደ እነዚህ ሁለት ቀለበቶች የሚጠቅም ነገር የለም።

ከዚያ በታች የሚመጣው ክሮቼራ፣ ማለትም በመስቀል ቅርጽ ብረት ዙሪያ የሚታጠፍ መጋጠሚያ ነው። አንድ ክሮቼራ ብቻውን የመዞሩን ፍጥነት እኩል አያስተላልፍም፤ ለምሳሌ በ30 ዲግሪ ሲታጠፍ የወዲያኛው ዘንግ ፍጥነት በአንድ ዙር ውስጥ በ13 ከመቶ ያህል ይቀንስና በ15 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ይህም በአሽከርካሪው እጅ አንዴ እንደ መክበድ፣ አንዴ እንደ መቅለል ሆኖ ይሰማል። ሁለት ክሮቼራዎች በእኩል ማዕዘን ሲታጠፉና በመካከለኛው ዘንግ ላይ ያሉት ሹካዎቻቸው በአንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ አንዱ የሌላውን መዛነፍ ያጠፋል። የሁለቱ መታጠፊያዎች መኖር ሌላም ጥቅም አለው፦ ዘንጉ ከሳጥኑ እስከ ደረት ቀጥ ያለ መሥመር ስለማይሠራ፣ በኃይል ሲገፋ ከመውጋት ይልቅ ወደ ጎን ይታጠፋል።

በሁለቱ ክሮቼራዎች መካከል የሚቀመጠው ተንሸራታች ዘንግ የሥራው እምብርት ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች በሚመላለሱት የአይሱዙ ጭነት መኪኖች ሆድ ሥር ያለውን ካርዳን ያየ ሰው መርሑን ያውቀዋል፤ አንዱ ዘንግ በሌላው ውስጥ እየገባና እየወጣ አብሮት ይዞራል። ገንዘብ ያለው ሠሪ ለዚሁ የተሠራ ባለጥርስ ዘንግ ይገዛል፤ አብዛኛው ግን 1 ኢንች ስፋትና 1/8 ኢንች ግድግዳ ያለው አራት ማዕዘን ቱቦ ወስዶ 3/4 ኢንች የሆነ አራት ማዕዘን ብረት ያስገባበታል። ልኩ በወረቀት ላይ ቢገጥምም ብረቱ በመጀመሪያ ሙከራ አይገባም፤ ቱቦው ፋብሪካ ውስጥ ሲበየድ የቀረው ስፌት በውስጥ ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጉብ ብሎ ይገኛልና። ስፌቱ በረጅም ሞረድ ይሞረዳል ወይም የብረቱ አንድ ጠርዝ ይላጋል፣ ከዚያም ግራሶ ተቀብቶ በእጅ ብቻ ያለ መዶሻ እስኪመላለስ ይሞከራል። በመጨረሻ የሚቀረው ጥቂት ልል የመሪውን ትክክለኛነት ቢቀንስም በደርቢ ሜዳ ማንንም አያስቸግርም።

ዘንጉ ሲገጠም በጉዞው መካከል መቆም ይገባዋል። ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ ከተገጠመ ሻንሲው ወደ ኋላ ሲገፋ ወጥ ብረት ይሆንና የ1960ዎቹን አደጋ መልሶ ያመጣል፤ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ተያይዞ ከተገጠመ ደግሞ ሻንሲው ሲጎብጥ ይወልቅና መሪው በባዶ ይሽከረከራል። የብየዳው ቅደም ተከተልም ልብ ሊባል ይገባል። ክሮቼራው እንደተገጠመ አጠገቡ ከተበየደ ሙቀቱ በውስጡ ያሉትን የመርፌ ኩሽኔታዎች ግራሶ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሹካዎቹ አስቀድመው ይበየዳሉ፣ መስቀሉ ከቀዘቀዙ በኋላ ይገባል። በብሎን የሚያዝ ክሮቼራ ከሆነ የብሎኑ ጫፍ የሚያርፍበት ትንሽ ጉድጓድ በዘንጉ ላይ በመሰርሰሪያ ይበጃል፤ ለስላሳ ዘንግ ላይ የተጠበቀ ብሎን በንዝረት መንሸራተቱ አይቀርምና።

የፋብሪካው ምሰሶ ሲወገድ አብረውት የሚሄዱ ነገሮች አሉ። በብዙዎቹ ትልልቅ መኪኖች የካምቢዮው ማንሻ በምሰሶው ላይ ስለሆነ ወደ ወለል ይወርዳል። ጀኔራል ሞተርስ በ1969 ሞዴሎቹ ወደ ምሰሶው ያዛወረው ቁልፍ መሪውን የሚቆልፍ ምላስ ስላለው ይወገድና በምትኩ ማብሪያና የማስነሻ ቁልፍ በአግዳሚው ላይ ይተከላሉ። ኤርባግም ካለ ባትሪው ተላቅቆ ጥቂት ከቆየ በኋላ በጥንቃቄ ይነሣል።

በዘንጉ ጫፍ ላይ በአንድ ስበት የሚወልቅ የመሪ መያዣ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው፤ በሮቹ በተበየዱበት መኪና ውስጥ አሽከርካሪው በመስኮት መውጣት ስላለበት መሪው እንቅፋት ሊሆንበት አይገባም። የፊት ጎማ በቀጥታ ሲመታ መሪው በድንገት ስለሚሽከረከር አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ቆልፎ መጨበጥ ለስብራት ይዳርጋል። የደርቢ ደንብ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ሠሪው ብረት ከመቁረጡ በፊት የሚወዳደርበትን ሜዳ ደንብ አንብቦ የተፈቀደውን መለየት አለበት። በዚህ መንገድ የተሠራ ምሰሶ የፋብሪካው የደኅንነት ማሰሪያዎች የሉትምና በሕዝብ መንገድ ላይ በሚሄድ መኪና ላይ ፈጽሞ መገጠም የለበትም።