ታዳጊ ሯጮችን መከታተል በኢትዮጵያ

ታዳጊ ሯጮችን መከታተል ማለት ገና በወጣቶች ምድብ የሚወዳደሩ አትሌቶችን ስም፣ ዕድሜ፣ ሰዓትና ደረጃ እየያዙ ወደ አዋቂዎች ምድብ እስኪሸጋገሩ፣ ወይም ስማቸው ከውጤት ዝርዝር እስኪጠፋ ድረስ፣ በስፖርት አፍቃሪዎች የሚደረግ ክትትል ነው። በአሜሪካ የቤዝቦል ደጋፊዎች ኳስ ወርዋሪ ወጣቶችን በዝቅተኛው ሊግ ሳሉ ጀምረው ይከታተላሉ፤ ሁልጊዜም የሚያሰጋቸው የልጁ ክርን ነው። በኢትዮጵያ ተመሳሳዩ ነገር የሚታየው በረጅም ርቀት ሩጫ ሲሆን፣ ስጋቱ ከክርን ወደ ቋንጃና ወደ ተረከዝ ጅማት ይወርዳል። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምድቦችና ውድድሮች

የዓለም ወጣቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ1986 በአቴንስ የተጀመረ ሲሆን በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። ዛሬ ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና ይባላል። ከ18 ዓመት በታች ላሉት የተዘጋጀው ሻምፒዮና ግን ከ1999 እስከ 2017 ብቻ ቆይቶ በናይሮቢ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችን በዓለም ሻምፒዮና ለብቻቸው ማየት ስለማይቻል፣ ተከታታዩ አንድ ጥሩ መስኮት አጥቷል። ሌላው ትልቅ መድረክ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የወጣቶች ውድድር ነው፤ ወንዶች 8፣ ሴቶች 6 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ።

በአገር ውስጥ የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር የወጣቶች ምድብ አለው። ከ20 ዓመት በታች የሆኑት የመም ሻምፒዮና በቅርብ ዓመታት ብዙ ጊዜ በአሰላ ተካሂዷል። ከሥሩ ደግሞ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚያወጣው መሰላል አለ። ጎበዝ ሆኖ የተገኘ ልጅ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም ወደ ክለብ ይገባል። እንደ መቻል (የቀድሞው መከላከያ) እና ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያሉ ክለቦች ለአትሌቱ ወርሃዊ ደመወዝ ይከፍላሉ። በውጤት ዝርዝር ላይ ከስሙ አጠገብ የክለብ ስም የተጻፈለት ልጅ የሚኖርበትና የሚበላው ነገር አለው ማለት ስለሆነ፣ ልምድ ያለው ተከታታይ ከሰዓቱ በፊት የክለቡን ስም ያያል።

የዕድሜ ጉዳይ

በታዳጊ ሯጭ ክትትል ከሰዓት ይልቅ አስቸጋሪው ቁጥር ዕድሜ ነው። የ18 ዓመት ልጅ የሮጠው 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እና የ23 ዓመት ሰው የሮጠው ያው ሰዓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ አሁን የሚሮጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ሲወለዱ የተጻፈ ወረቀት የላቸውም። የአጥንት ምርመራም ግምት እንጂ የልደት ቀን አይሰጥም።

የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። የዓለም አቀፉ ደንብ የሚያየው ልጁ በፈረንጆች ታኅሣሥ 31 ስንት ዓመት እንደሚሞላው ነው። ለምሳሌ ለ2026ቱ ሻምፒዮና የሚበቁት ከ2007 እስከ 2010 የተወለዱ ናቸው። በኅዳር 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ልደቱ በ2006 ስለሚውል ከምድቡ ይወጣል፤ በጥር 1999 ዓ.ም. የተወለደው ግን በ2007 ስለሚመዘገብ ይገባል። ሁለቱ አንድ ክፍል የተማሩ ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ዓመተ ምሕረቱን ሲመልስ ወሩን ሳያይ 7 ወይም 8 የሚደምር ሰው ልጁን አላግባብ ሊያስወጣው ወይም ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ በመረጃ ገጾች ላይ የአንድ አትሌት የልደት ቀን ከቦታ ቦታ ሲለያይ ወዲያው ማጭበርበር ነው ማለት አይገባም።

ሰዓትን ማንበብ

የአዲስ አበባ ስታዲየም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በዚያ የተመዘገበ የ5,000 ሜትር ሰዓት በአውሮፓ ከተመዘገበ ሰዓት ጋር ፊት ለፊት አይነጻጸርም። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የሚሆኑ ሯጮችን በሰኔ 2021 በኔዘርላንድስ ሄንግሎ ከተማ የመረጠው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለተሰንበት ግደይ የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን በ29:01.03 የሰበረችው በዚያው ማጣሪያ ነበር። ከ2020 ወዲህ በመም ላይ የተስፋፋው አዲሱ ጫማ፣ አሯሯጮችና በመም ዳር የሚበራው የፍጥነት መብራት ሲጨመሩ ደግሞ የዛሬን ልጅ ሰዓት ከ1990ዎቹ ልጅ ሰዓት ጋር ማወዳደር ትርፉ ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

ከሰዓት ይልቅ የሚጠቅመው አሸናነፉን ማየት ነው። በአዋቂዎች የወንዶች ፍጻሜ የመጨረሻው 400 ሜትር ብዙ ጊዜ ወደ 55 ሰከንድ ገደማ ይወርዳል። አሯሯጭ ባለው ውድድር ፈጣን ሰዓት ያስመዘገበ፣ ነገር ግን በመጨረሻው ዙር ሦስት ሰው የሚያልፈው ልጅ ወደፊት ለሜዳሊያ ይቸገራል።

ከወጣትነት ወደ አዋቂነት

የወጣቶች ድል ቀጥታ ወደ ላይ የሚወስድበት ጊዜ አለ። ደራርቱ ቱሉ በ1990 በፕሎቭዲቭ የወጣቶች 10,000 ሜትር ሻምፒዮን ሆና ከሁለት ዓመት በኋላ በባርሴሎና የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። ቀነኒሳ በቀለ በ2001 በኦስተንድ የወጣቶችን አገር አቋራጭ በ33 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈ፤ በዚያው ሻምፒዮና የአዋቂዎቹን አጭር ርቀትም ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። በተከታዩ ዓመት በደብሊን የአዋቂዎቹን አጭርም ረጅምም ርቀት ጠቀለለ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የ2003ቱ ነው። በመጋቢት በሎዛን የወጣቶችን አገር አቋራጭ ያሸነፉት ጥሩነሽ ዲባባና ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ፣ በነሐሴ በፓሪስ የአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮና የ5,000 ሜትር ወርቅን ሁለቱም ወሰዱ። ጥሩነሽ ያኔ 18 ዓመቷ ነበር።

ነገር ግን የወጣቶች ደረጃ ቅደም ተከተል በኋላ ይገለባበጣል። በ1992 በቦስተን በተደረገው የወጣቶች አገር አቋራጭ አንደኛ የወጣው ኬንያዊው ኢስማኤል ኪሩይ ሲሆን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሁለተኛ ነበር። ኃይሌ በዚያው ዓመት በሴኡል የወጣቶች ሻምፒዮና 5,000ንም 10,000ንም አሸነፈ። በ1993 በሽቱትጋርት ኃይሌ 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ በ5,000 ሜትር ኪሩይ ደግሞ ቀደመው። ኪሩይ በ1995 ያንኑ ርቀት ደገመ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱን ለሚያይ ሰው የትኛው እንደሚበልጥ መናገር ከባድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ (1996 እና 2000) የወሰደው ኃይሌ ነው።

ትዕግሥትን የሚፈትነው ደግሞ የኢብራሂም ጄይላን ታሪክ ነው። በ2006 በቤጂንግ የወጣቶች 10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ2008 በኤዲንብራ የወጣቶች አገር አቋራጭ ወርቅ አገኘ። ከዚያ ወደ ጃፓን ሄዶ ለሆንዳ ቡድን መሮጥ ጀመረ፤ ከብዙ ተመልካችም ዓይን ራቀ። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር፣ ቀነኒሳ አቋርጦ ሲወጣ፣ ጄይላን ሞ ፋራህን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አልፎ አሸነፈ። ስሙን ከዝርዝራቸው ያልሰረዙ ተከታታዮች ብቻ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቁ።

ርቀት መቀየርም ግምትን ያፈርሳል። ትዕግሥት አሰፋ በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ800 ሜትር ነበር። በ2023 በበርሊን የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን በ2:11:53 ስትሰብር፣ የ800 ሜትር ሰዓቷን ብቻ ይዞ የቀረ ደጋፊ ምንም ሊተነብይ አይችልም ነበር። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን በ3 ሰከንድ የቀደመቻት ሲፋን ሐሰን ደግሞ ከኢትዮጵያ የወጣቶች ዝርዝር ጨርሶ የማትገኝ ናት፤ በአዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ወደ ኔዘርላንድስ በስደት የሄደች ነች።

ብዙዎቹ ግን ጨርሰው ይጠፋሉ። ጉዳት አንዱ ምክንያት ነው፤ ያላደገ አጥንት በብዙ ኪሎ ሜትር ልምምድ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት ሰው በላይ ማሰለፍ ስለማይፈቀድላት፣ በዓለም አምስተኛ የሆነ ኢትዮጵያዊ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያይ ይችላል። ሦስተኛው የጎዳና ውድድር ገንዘብ ነው። ቤተሰቡን መርዳት ያለበት ልጅ መሙን ትቶ ወደ ጎዳና ይወጣል። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ ደጋፊዎች አሉ፤ ልጁ ቤት ከሠራበትና ታናናሾቹን ካስተማረበት ግን ፍርዱ የእነሱ አይመስልም።

ደጋና ቆላ፦ ከይፋት ሲታይ

የሯጮቹ መፍለቂያ ደጋ መሆኑ በሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ በግልጽ ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በጫጫ አድርጎ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከፍታው ወደ 2,840 ሜትር ነው። ከዚያ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርድና፣ ከደብረ ብርሃን ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ይፋት ቆላ ውስጥ ሸዋ ሮቢት ላይ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ይሆናል። የአየር ግፊቱ በደብረ ብርሃን ከባሕር ወለሉ 71 በመቶ ያህል ሲሆን በሸዋ ሮቢት 86 በመቶ ያህል ነው። በቀጭን አየር ያደገ አካል ኦክስጅን የሚያመላልሱ ቀይ የደም ሕዋሳትን በብዛት ያመርታል። የአርሲዋ በቆጂም ከፍታዋ ከደብረ ብርሃን ጋር ይቀራረባል። ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት በሚበቅልበት በይፋት ቆላ ግን ከፀሐዩ የተነሳ ረጅም ልምምድ የሚቻለው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ነው።

ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ የሚኖር የሩጫ አፍቃሪ የሚከታተላቸው ልጆች ብዙውን ጊዜ ከእሱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያሉ ናቸው። ከዚሁ መንገድ የወጣችው ታዋቂ ሯጭ የጫጫዋ ጌጤ ዋሚ ናት፤ በ1999 በሴቪል የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና፣ በ1996 እና በ1999 ደግሞ የዓለም አገር አቋራጭ ረጅም ርቀት አሸናፊ ነበረች። የቆላ ልጅ መሮጥ አይችልም ማለት ግን አይደለም። ተሰጥኦ ያለው የሮቢት ልጅ ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ጉዞ ደብረ ሲና ይደርሳል፤ የሚከብደው መንገዱ ሳይሆን ከቤት ርቆ በደጋ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ትምህርቱን ሳያቋርጥ፣ በቂ ምግብ እየበላ መሰንበቱ ነው። ወላጅም ልጁ በእርሻ ሥራ ከሚያግዝበት ወቅት ላይ ቀንሶ መስጠት አለበት።

በዚህ አካባቢ የውጤት ዝርዝር ላይ ክፍተት ሲገኝ ምክንያቱ ሁልጊዜ ስፖርታዊ አይደለም። የናይሮቢው የወጣቶች ሻምፒዮና በኮሮና ምክንያት ከ2020 ወደ ነሐሴ 2021 ሲገፋ፣ ዕድሜያቸው እንዳያልፍ የሰጉ ልጆች ነበሩ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ መንገዱ ተዘግቷል። በሁለቱ ጊዜያት 17 ወይም 18 ዓመት የነበረው ሯጭ ከዝርዝሩ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ቢጎድልበት፣ ያንን ዓመት ባዶ ትቶ የሚቀጥለውን መመልከት ይሻላል። የቤዝቦል ደጋፊዎችም የክርን ቀዶ ሕክምና ላደረገ ወርዋሪ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ወርዋሪው ወደ ሜዳ እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስድበታል።