አባወራው ሲያልፍ ማሳውም አብሮ እንዳይጠፋ

በደቡብ ወሎ ዞን የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ሐይቅና መቀመጫው ውጫሌ በሆነው አምባሰል ወረዳ በርካታ አባወራዎች አርሶ አደርም ነጋዴም ናቸው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና አካባቢውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ሌላ ቀን ሞፈር የጨበጠው እጅ በገበያ ቀን ሚዛን ይይዛል። ጤፍና ማሽላ ያመርታሉ፤ ከጎረቤት እህልና ከብት ገዝተው ይሸጣሉ፤ በትርፉ ልጅ ያስተምራሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ለቅሶ ላይ የሚነሳለት የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ሚዛኑ የማያጭበረብር መሆኑ፣ በክረምት ጎተራው ለጎደለበት ዘር ማበደሩ፣ የተጣላ ማስታረቁ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ማብቃቱ ይነሳል። የቤቱ ምሰሶ የነበረ ሰው የአካባቢውም ባንክ ነበር። ችግሩ ያ ባንክ መዝገብ አልነበረውም፤ ሁሉም ነገር ያለው በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ቅሬውና ማሳው

በወሎ ሐዘንተኛን ቀድሞ የሚደርሰው ቅሬ ነው። አባላቱ መርዶውን ያሰማሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ለለቀስተኛው ምግብና ውሃ ያቀርባሉ። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ያለቅሳሉ፤ በአንዱ ቤት ሰደቃ፣ በሌላው ተዝካር ሲደረግ ጎረቤት ሁሉ ይካፈላል።

ሰብል ግን ሐዘን አይጠብቅም። የደረሰ ጤፍ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ ያፈራ ማሽላ ጠባቂ ካጣ ወፍ ይጨርሰዋል፤ የተከመረው ያለጊዜው ዝናብ ካገኘው ይበላሻል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሞተ አርሶ አደር ቤተሰቡን በሐዘን ላይ ለረሃብ ስጋት ጥሎ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህም ነው ደቦና ወንፈል ከለቅሶ ጋር አብረው መታሰብ ያለባቸው። ቀባሪዎቹ ቀን ቆርጠው የሟቹን ማሳ ቢያጭዱ፣ ቢወቁና ወደ ጎተራ ቢያስገቡ ከብዙ ቃል የበለጠ ማጽናኛ ነው። ጥንድ በሬ ያለው ጎረቤት ደግሞ በቀጣዩ እርሻ ለባለቤቲቱ አንድ ሁለት ቀን ቢያርስላት ማሳው ጦም አያድርም።

ያልተጻፈ ዱቤ

በመተማመን የሚሰራ ንግድ ወረቀት አይወድም። ዘር በቃል ይበደራል፤ እህል በዱቤ ይሰጣል፤ ከብት ለእርባታ በጋራ ይያዛል፤ መሬት በእኩል ይታረሳል። ሰውየው በሕይወት ሳለ ቃሉ ይበቃል። ሲሞት ግን አንዱ ያለበትን ይደብቃል፤ ሌላው ያልነበረ ዕዳ ይዞ ይመጣል። መካከል ላይ የምትቆመው በገበያው ጉዳይ ብዙ ያልተነገራት ባለቤቱ ናት።

በሙስሊሙ ዘንድ የሟች ዕዳ ከውርስ ክፍፍል በፊት እንዲከፈል ሃይማኖቱ ያዛል፤ በቀብር ላይ "ዕዳ ያለው ይናገር" ማለትም የተለመደ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ዕዳን ከውርስ ድርሻ ያስቀድማል። ይሁንና ማስረጃ ከሌለ ደግ ልጅም ቢሆን የአባቱን ዕዳ ከፋይ ወይም ለአባቱ የሚከፈለውን ሰብሳቢ መሆን ይቸግረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑ፣ የሰውየው ስም፣ የእህሉ ዓይነትና መጠን ይጻፋል፤ ደብተሩ የት እንዳለ የትዳር ጓደኛ ታውቃለች። ማንበብ ለማይችል ተማሪ ልጁ ይጽፍለታል።

መሬትና ኑዛዜ

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ሲካሄድ ቆይቷል። ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት መሬት በሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የሁለቱም ስም ይሰፍራል። ስለዚህ ባል ሲሞት የሚስቲቱ ድርሻ ለክፍፍል የሚቀርብ ውርስ አይደለም፤ የራሷ ይዞታ ነው። ወደ ወራሾች የሚተላለፈው የሟቹ ድርሻ ብቻ ሲሆን፣ አካሄዱም በክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይመራል።

ብዙዎች በሞት አፋፍ የተነገረ ቃል ሁሉን ነገር የሚወስን ይመስላቸዋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በሁለት ምስክሮች ፊት የሚደረግን የቃል ኑዛዜ ለጥቂት ጉዳዮች ብቻ ይፈቅደዋል፤ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳጊነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። ከዚያ ያለፈ ፍላጎት በጽሑፍ መስፈር አለበት። ሰውየው ራሱ ሙሉውን በእጁ ሊጽፈው ይችላል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ከሆነ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

ስለ ኑዛዜ ማንሳት ሞትን መጥራት የሚመስለው አባወራ ብዙ ነው። ነገር ግን ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ መሬቱ ክርክር ላይ ሆኖ ክረምት ሲያልፍበት፣ አባትየው ሲያስታርቅ የኖረው ጠብ በገዛ ቤቱ ይገባል። ዕድሜውን ሙሉ ለቤተሰቡ የደከመ ሰው መልካም ስሙን የሚያስጠብቅለት ልቅሶው ብቻ ሳይሆን በጤናው ሳለ ያስተካከለው ደብተርና ከሞተ በኋላ ጎረቤቶቹ ያጨዱለት ጤፍ ነው።