ስለ ፓስታ ምግብና ስለ ደጋው ስንዴ

ምግብ ረኀብን ማስታገሻ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ሰብንና ወዳጅን በአንድ ገበታ የሚሰበስብ ማሰሪያም ነው። ስለዚህ መምህራንና ሽማግሎች ለልጆችና ለባልቴቶች ሊያስረዱት የሚገባውን የፓስታን ነገር ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እንገልጻለን።

ፓስታ በጎንደር ከተማ በሰፊው የታወቀው ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ነው። ከተማው በ1928 ዓ.ም. ተይዞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በጠላት እጅ ቆየ፤ ፒያሳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ዘመን ነው። ስለዚህ «ይህ የባዕድ ምግብ ነው» የሚል ሽማግሌ ቢኖር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ጠላት ድል ሆኖ ሄዷል፤ ስንዴው ግን ከጥንት ጀምሮ የእኛ ነው። ለፓስታ የሚሻለው ዱረም የተባለው ጠንካራ ስንዴ ሲሆን፥ ኢትዮጵያ የዚህ ስንዴ እጅግ ብዙ ዓይነት ዘር ከሚገኝባቸው አገሮች አንዲቱ ናት። ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ ዘሩን ሰበሰበ፤ የዓይነቱንም ብዛት ለዓለም አስታወቀ።

ጠንካራው ስንዴ በሻካራው ተፈጭቶ፥ በውሃ ተለውሶ፥ በቀዳዳ ተገፍቶ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ይደርቃል። ከርጥበትና ከነቀዝ ቢጠበቅ ብዙ ወራት ይቆያል። እንቁላል ያልገባበት ለጾም ይሆናል፤ እንቁላል የገባበትም ስላለ፥ ሲገዙ በመጠቅለያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

ለአንድ ሰው 100 ግራም ደረቅ ፓስታ፥ ለዚያም 1 ሊትር ውሃ ይበቃል። ውሃው ሲፈላ ጨውና ፓስታው ይጨመራሉ፤ እንዳይጣበቅም ይማሰላል። እዚህ ላይ መምህራን ለተማሪዎች የሚያስረዱት አንድ ቁም ነገር አለ። አገሩ ከፍ ባለ መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፥ ውሃ በአነሰ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ በጎንደር በ93፥ በደባርቅ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በመጠቅለያው የተጻፈው ደቂቃ ለደጋ ሰው አይበቃም፤ ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ፥ አንዱን አውጥቶ በጥርስ መሞከር ነው። ውሃው ከፈላ በኋላ እሳት ማብዛት ውሃውን ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም፤ ማገዶም በከንቱ ያልቃል።

ፓስታ ብቻውን ሙሉ ምግብ አይደለም። ለሥራ ኃይል ይሰጣል፤ ሰውነትን ለመገንባት ግን የስንዴው ጉድለት በጥራጥሬ ሲሞላ ይሻላል። ሽንኩርትና ቲማቲም በጥቂት ዘይት አብስሎ፥ የተቀቀለ ምስር ጨምሮ፥ ጎመንም በጎን አድርጎ ማቅረብ ነው። በፍስክ ቀን እንቁላል ወይም ሥጋ ቢጨመር መልካም ነው። ጨውና ዘይት ማብዛት ግን ለጤና አይበጅም።

ፓስታ እንጀራን ሊተካ አልመጣም፤ በብዙ ቤት በእንጀራ ላይ ሆኖ ይቀርባልና። በገበያ ያለው ፓስታ ሁሉ ከወገራና ከዳባት ስንዴ የተሠራ ባይሆንም፥ ልጆቻችን በሚበሉት ጊዜ ስንዴ ለአባቶቻቸው እርሻ እንግዳ አለመሆኑን ይወቁ። እህሉን ያወቀ ሰው እርሻውን ያከብራል፤ አበሳሰሉን ያወቀም ማገዶውንና ጤናውን ይጠብቃል።