ከካኦ ባንግ እስከ ዲየን ቢየን ፉ፦ ሽንፈት ያስተማረው፣ ድል ያሳሳተው

በተማሪው ንቅናቄ ዘመን የሆ ቺ ሚን ስም በአዲስ አበባ በዘፈን ይነሳ እንደነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል። የቬትናም ጦርነት ሲባል ግን ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን ከአሜሪካ ጋር የተደረገው ነው። ከዚያ በፊት ቬትናሞች ከፈረንሳይ ቅኝ ገዢዎች ጋር ከ1946 እስከ 1954 (ዘመኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው) ተዋግተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ጦርነት ዋና ዋና ውጊያዎች በአጭሩ መመልከት ነው።

ጥያቄው የታወቀ ነው። አውሮፕላንም ታንክም ያልነበረው ሠራዊት ሁለቱም የነበረውን እንዴት አሸነፈ? የተለመደው መልስ «በጀግንነት» የሚል ነው። ጀግንነት በእርግጥ ነበረ። ነገር ግን ያው ጀግና ሠራዊት በ1951 ተደጋጋሚ ሽንፈት ደርሶበታል። ስለዚህ መልሱን ሌላ ቦታም መፈለግ ይኖርብናል።

ካኦ ባንግ፣ 1950

ሆ ቺ ሚን ነፃነትን ያወጁት መስከረም 2 ቀን 1945 በሃኖይ ነበር። ፈረንሳይ ግን ቅኝ ግዛቷን ለማስመለስ ተመለሰች፤ በታኅሣሥ 1946 ጦርነቱ በሃኖይ ፈነዳ። የቬትናሙ ጦር፣ ቬት ሚን፣ ወደ ሰሜን ተራሮች አፈገፈገ። በ1949 ኮሚኒስቶች ቻይናን ሲቆጣጠሩ የጦር መሣሪያና የማሠልጠኛ በር ተከፈተለት።

በድንበሩ አጠገብ የሚያልፈው 4ኛው መንገድ ላይ ፈረንሳዮች የጦር ሰፈሮች ነበሯቸው። በመስከረም 1950 የቬት ሚን አዛዥ ጄኔራል ቮ ንጉየን ጂያፕ መካከል ላይ ያለችውን ዶንግ ኬን ያዙ። መንገዱ ተቆረጠ። ከካኦ ባንግ የወጣው ጦርና ከደቡብ ሊቀበለው የመጣው ጦር ጫካ ውስጥ ተከበው ተደመሰሱ። ፈረንሳዮች ላንግ ሶንንም ከነብዙ ንብረቷ ጥለው ወጡ።

ቪን የን፣ 1951

ድሉ ጂያፕን አስቸኮላቸው። በጥር 1951 ከተራራ ወርደው በሃኖይ አቅራቢያ፣ በቪን የን ሜዳ ላይ ገጠሙ። አዲሱ የፈረንሳይ አዛዥ ጄኔራል ደ ላትር በመድፍና በናፓልም ጠበቋቸው። ሜዳው ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የቬትናም ወጣቶች አለቁ። በዚያው ዓመት የተደረጉት ሁለት ተከታይ ጥቃቶችም ከሸፉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ ነው። ጂያፕ የተማሩት፣ ጠላት በሚበረታበት ሜዳ አለመግጠምን ነው።

ና ሳን፣ 1952

በኅዳር 1952 ፈረንሳዮች በሰሜን ምዕራብ ተራሮች መካከል፣ ና ሳን ላይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያውን መሸጉ። ስንቅና ትጥቃቸው በአየር ይመጣ ነበር። ጂያፕ አጠቁ፤ ተመቱ። ፈረንሳዮችም «መንገድ ባይኖረንም አውሮፕላን ካለን እንቋቋማለን» ብለው ደመደሙ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። በና ሳን ከፍታዎቹ በፈረንሳይ እጅ ነበሩ፤ ቬት ሚንም ያን ጊዜ በቂ ከባድ መድፍ አልነበረውም። ድሉን ያስገኙት ሁኔታዎች ሳይመረመሩ ድሉ ብቻ ደንብ ሆነ።

ዲየን ቢየን ፉ፣ 1954

ኅዳር 20 ቀን 1953 የፈረንሳይ አየር ወለድ ጦር ከሃኖይ በአየር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የዲየን ቢየን ፉ ሸለቆ ወረደ። አሁን ግን ተራሮቹ በጂያፕ እጅ ነበሩ። የፈረንሳይ መኮንኖች በዚያ ጫካና ገደል ከባድ መድፍና በቂ ጥይት ማምጣት አይቻልም ብለው አስበው ነበር።

በሙያዬ መሐንዲስ ስለሆንኩ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው መንገዱ ላይ ነው። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ወንዶችና ሴቶች ገበሬዎች ለመንገድ ሥራና ለሸክም ተሰማሩ። ከካሚዮኖች ሌላ ወደ 20,000 የሚጠጉ ብስክሌቶች ተሰለፉ። ብስክሌቱ አይነዳም፤ በቀርከሃ ተጠናክሮ፣ ከ200 ኪሎ በላይ ተጭኖ ይገፋል። መድፎቹ በገመድ ዳገቱን ተጎተቱ።

ጥቃቱ በጥር 1954 መጨረሻ ሊጀመር ሲል ጂያፕ ዝግጅቱ እንዳልበቃ አይተው ሰረዙት። በስንት መከራ የወጡት መድፎች ወደ ኋላ ተጎተቱ። በሕይወታቸው ከባዱ ውሳኔ ይህ እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ከዚያ ወዲያ መድፎቹ ወደ ሸለቆው በሚያዩት ተዳፋቶች ላይ፣ በተቆፈሩ ዋሻዎች ውስጥ ተቀመጡ። ከአየር አይታዩም፤ በመድፍም በቀላሉ አይመቱም።

መጋቢት 13 ቀን ተኩሱ ሲከፈት የመጀመሪያው ምሽግ በዚያው ሌሊት ወደቀ። የፈረንሳይ መድፈኛ አዛዥ ኮሎኔል ፒሮት የጂያፕን መድፎች ጸጥ ማሰኘት አልቻሉም፤ ከሁለት ቀን በኋላ በእጅ ቦምብ ራሳቸውን ገደሉ። በመጋቢት መጨረሻ ማረፊያው ተዘጋ፤ የቀረው ዕቃ በጃንጥላ መጣል ብቻ ነበር። ቬት ሚን የምሽግ ቦይ እየቆፈረ ተጠጋ። ግንቦት 7 ቀን ሰፈሩ ተያዘ። ከ10,000 ያላነሱ ሰዎች ተማረኩ፤ ከምርኮ የተመለሱት ከግማሽ በታች ናቸው።

በማግስቱ በጄኔቭ የኢንዶቺና ድርድር ተከፈተ። ፈረንሳይ ወጣች፤ ቬትናም ግን በ17ኛው መስመር ለሁለት ተከፈለች። አንድ የሆነችው ከ1975 ድል በኋላ፣ ሌላ ረጅም ጦርነት አልፎ ነው። ከተማረኩት መካከል አልጄሪያውያንም ነበሩ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 1 ቀን 1954፣ የአልጄሪያ የነፃነት ጦርነት ተጀመረ።

የእኛ ሰዎች ከዚህ ታሪክ የወሰዱት በአብዛኛው የመሪውን ስምና የጠመንጃውን ተስፋ ነው። መድፉን ወደ ኋላ ያስጎተተው ውሳኔ ግን በዘፈን አይነሳም። ጂያፕ በ1951 የቸኮሉበትን ዋጋ የከፈሉት ቪን የን ሜዳ ላይ የቀሩት ወጣቶች ናቸው። በ1954 «ገና ነው» ለማለት ያስቻላቸውም የዚያ ትምህርት ይመስለኛል። ፈረንሳዮች በበኩላቸው የና ሳንን ድል ሳይመረምሩ ተሸክመውት ወደ ሸለቆው ወረዱ። ሽንፈቱን የሚመረምር ሕዝብ ብዙ ነው፤ ድሉንም የሚመረምር ቢኖር ብዙ ሕይወት ባዳነ ነበር።

ቸር ይግጠመን።