«ለቅምሻ ያህል» የምትባለው አንዲት ጉንጭ



ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ከወሎ የመጡ ባልና ሚስት ያጫወቱን ጉዳይ ነው። ባልየው ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ሲሆን፣ ሚስትየው ኢስላምን የተቀበለችው ከማግባቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እናቷ ክርስቲያን ናቸው፤ ቤታቸውም ከእነርሱ ቤት ብዙ አይርቅም። በወሎ እንዲህ ያለው ዝምድና እንግዳ ነገር አይደለም። በአንድ ሠርግ ላይ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ታርዶ፣ መጠጡም ለየብቻ ተሰናድቶ፣ ሁሉም ተደስቶና ተመራርቆ የሚለያይበት አገር ነው።

የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸው ፋሲካን አያቷ ዘንድ ውላ ማታ ስትመለስ «አባባ፣ እማማ ጠላ አቀመሱኝ፤ ይመራል!» ብላ እየሳቀች ተናገረች። አባት ተቆጣ። «ከዛሬ ጀምሮ እግሯ እዚያ ቤት አይረግጥም!» አለ። እናት ደግሞ «እናቴ እኮ በክፋት አላደረገችውም፤ ለቅምሻ ያህል ነው፤ ለሆድ ቁርጠትም ጥሩ ነው ብላ ነው። አንዲት ጉንጭ ምን ታደርጋለች?» ስትል መለሰች። ክርክሩ ቀናት ፈጀ።

ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው። በመሆኑም ጥያቄውን ለሁለት ከፍለን እንመልከተው። አንዲት ጉንጭ በእርግጥ ምንም አታደርግምን? ልጅን ከእርሷ ለመጠበቅስ ዝምድናን መቁረጥ ያስፈልጋልን?

ከሕፃን አፍ የወጣችው ተምር

አንዳንድ ወላጆች «ልጅ ገና ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን አልደረሰም፤ ኃጢአትም አይጻፍበት፤ ታዲያ ቢቀምስ ምን ይሆናል?» ይላሉ። በልጁ ላይ የማይጻፍበት መሆኑ እውነት ነው። እስኪጎረምስ ድረስ ብዕሩ ከርሱ ላይ የተነሳ መሆኑን ሐዲስ ያስረዳናል። ነገር ግን ብዕሩ የተነሳው ከልጁ ላይ እንጂ ከአሳዳጊው ላይ አይደለም። አስካሪ መጠጥን በሚመለከት በሐዲስ ከተወገዙት አሥር ሰዎች መካከል ጠጪው ብቻ ሳይሆን ቀጂውም ይገኝበታል።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከበቂ በላይ መልስ ይሆናል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጅ የሆነው ሐሰን ኢብን ዐሊይ ገና ሕፃን ሳለ ለሰደቃ ከመጣ ተምር አንዲት ፍሬ አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ። ለነቢዩ ቤተሰብ ሰደቃ መብላት የተከለከለ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) «ሕፃን ነው፤ አንዲት ፍሬ ናት» ብለው አላለፉትም። ሕፃን በሚገባው ቋንቋ እንዲተፋት አደረጉት። ቀጥለውም እኛ ሰደቃ እንደማንበላ አላወቅህምን በማለት ምክንያቱን ነገሩት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛው ክልከላው ነው። ሁለተኛው ማስረዳቱ ነው። ተምር በራሷ ሐላል ምግብ ናት፤ እንደዚያም ሆኖ ለርሱ ያልተፈቀደች ስለነበረች ከአፉ ወጣች። በመሠረቱ ሐራም የሆነውን አስካሪ መጠጥ ለልጅ በእጃችን ማቅመስ ታዲያ እንዴት ቀላል ነገር ይሆናል? «ጥቂት ናት» የሚለው ምክንያትም አያስኬድም። ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል።

«ቁርኣንም እኮ መጠጥን የከለከለው ደረጃ በደረጃ ነው» የሚሉ ወጣቶችም አጋጥመውናል። እርግጥ ነው፤ በመጀመሪያ ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ (2፡219)፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ (4፡43)፤ በመጨረሻም ከሰይጣን ሥራ የሆነ ርኩሰት በመሆኑ ፈጽሞ እንዲርቁት ታዘዘ (5፡90)። ነገር ግን ይህ ደረጃ የተሰጠው መጠጥ ከደሙ ጋር ለተዋሐደ ጎልማሳ ነው። ልጅ ንጹሕ ሆኖ ይወለዳል። ያልለመደውን ነገር ቀስ በቀስ ለማስተው በመጀመሪያ ማስለመድ ምን ይባላል?

«መድኃኒት ነው» የሚሉትስ?

ለሆድ ቁርጠት ጠላ፣ ለጉንፋን አረቄ ማቅመስ በብዙ ቤት የቆየ ልማድ ነው። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ጧሪቅ ኢብን ሱወይድ የተባሉ ሶሓባ መጠጥን ለመድኃኒት እንደሚያዘጋጁት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቢነግሯቸው፣ መድኃኒት ሳይሆን በሽታ መሆኑን ነገሯቸው።

የዛሬው ሕክምናም ከዚህ የተለየ አይናገርም። የሕፃን ሰውነት ትንሽ በመሆኑ ለአዋቂ ጥቂት የሆነው ለርሱ ብዙ ነው። አልኮል ጉበት ለሰውነት ስኳር እንዳያዘጋጅ ያግዳል። በተለይ ምግብ ያልበላ ሕፃን ላይ የደም ስኳር በድንገት ሊያወርድና ሊያንቀጠቅጥ፣ ራስንም ሊያስት ይችላል። ጠላ እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 6 በመቶ ገደማ አልኮል ሲኖረው፣ አረቄ ግን 40 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጦችን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ የመደባቸው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ሆዱን የቆረጠው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ ጋን አይወሰድም።

«ቤት ከቀመሰ ውጭ አያምረውም»

ይህ አባባል በሌሎች አገሮችም ሲነገር የኖረ ነው። በፈረንሳይ ለልጆች ወይን ጠጅ ከምግብ ጋር መስጠት፣ በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሳይቀር፣ የተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ በ1956 እ.ኤ.አ. ከ14 ዓመት በታች ለሆኑ ተማሪዎች በትምህርት ቤት መስጠት ተከለከለ። በ1981 እ.ኤ.አ. ክልከላው ሁሉንም ተማሪ አጠቃለለ። በእንግሊዝም የመንግሥቱ ዋና የጤና አማካሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ለወላጆች ባወጡት መመሪያ ልጅ ቢያንስ እስከ 15 ዓመቱ መጠጥ ባይቀምስ እንደሚሻል መክረዋል።

በአውስትራሊያ ደግሞ ተመራማሪዎች 1,927 ታዳጊዎችን ከነወላጆቻቸው ለስድስት ዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ወላጆቻቸው መጠጥ የሰጧቸው ልጆች በዚህ ምክንያት ከጉዳት ተጠብቀው አልተገኙም። ይልቁንም በተከታዩ ዓመት ከሌላ ሰው ተቀብለው የመጠጣት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታየ። ምክንያቱን ማንም ወላጅ ይገነዘበዋል። ልጅ የሚማረው «እንዴት በልክ እንደሚጠጣ» ሳይሆን «አባቴና እናቴ ፈቅደውልኛል» የሚለውን ነው።

የአገራችንም ሕግ በዚህ በኩል ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮል ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሻጭ ለሃያ ዓመት ወጣት እንዳይሰጥ የተከለከለውን እኛ ለአምስት ዓመት ልጅ በነፃ ልንቀዳላት ነውን?

የራሳችንን ጓዳ እንፈትሽ

ጣት ወደ ጎረቤት ከመቀሰር በፊት የራሳችንንም ቤት ማየት ይገባል። ልጁን «ሐራም ነው!» እያለ በድብቅ የሚጠጣ አባት ካለ፣ ልጁ የሚያምነው ቃሉን ሳይሆን ትንፋሹን ነው።

በሌላ በኩል በየቤታችን የምናዘጋጃቸው ብርዝና ቀሪቦ ጥንቃቄ ይሻሉ። ብርዝ በዕለቱ ሲጠጣ ማርና ውኃ ነው፤ ቀናት ሲያድር ግን ይፈላል፤ ወደ ጠጅነትም ይሄዳል። ቀሪቦም እርሾ የገባበት በመሆኑ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል። ኢብን ዐባስ እንዳስተላለፉት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘቢብ በውኃ ይዘፈዘፍላቸው ነበር፤ ሦስት ቀን ሲሞላው ግን ከዚያ በኋላ አይጠጡትም ነበር። እናቶች ሆይ! በልክ አዘጋጁ፤ ቶሎ አስጠጡ፤ ሽታውና ጣዕሙ የተለወጠውን አፍስሱ። ሲፈስስ ልጆች ይዩ። በመዲና መጠጥ የተከለከለ ዕለት ወጣቱ አነስ ኢብን ማሊክ ለእንግዶች ሲቀዳ ነበር፤ የአዋጁ ድምፅ ሲሰማ ግን ያው ቀጂው እንዲደፋው ታዘዘ። ልጆቻችንም እንዲህ ያለውን ቁርጠኝነት በዓይናቸው ይማሩ።

ዝምድናስ?

የአባትየው ቁጣ ከኢማን የመነጨ ቢሆንም ውሳኔው ግን ትክክል አልነበረም። አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆች በአላህ ላይ እንድናጋራ ቢታገሉን እንኳ በዚያ እንዳንታዘዛቸው፣ በዱንያ ጉዳይ ግን በመልካም እንድንኗኗራቸው አዝዟል (31፡15)። አስማእ ቢንት አቢበክርም ሙሽሪክ የነበረች እናታቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ ምን ላድርግ ብለው ቢጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምድናዋን እንዲቀጥሉ ነግረዋቸዋል። ስለዚህ የሚቆረጠው ጠላው እንጂ አያትየዋ አይደሉም።

ይህንኑ ለባልና ሚስቱ ነገርናቸው። ሚስትየው በሳምንቱ ልጇን ይዛ፣ አዲስ የተበረዘ ብርዝ በጆግ አንጠልጥላ እናቷ ዘንድ ሄደች። ባልየውም አብሯት ገባ። «እማዬ፣ የአንቺ ፍቅር አይቅርባት። ጠላ ግን በሃይማኖታችን አይፈቀድም፤ በሐኪምም ለልጅ አይመከርም። ስትመጣ ይህንን ስጫት» አለች። አሮጊቷ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እኔ ምን ዐውቄ! ለሥጋው ለየብቻ እናርድ የለም እንዴ? ለእሷም ኩባያዋን ለብቻ አስቀምጥላታለሁ» አሉ።

ዛሬ በዚያ ቤት መደርደሪያ ላይ የልጅቷ ቀይ ኩባያ አለች። ሌላ ሰው ጠላ ሊያቀምሳት ሲል የሚከለክሉት አያቷ ናቸው።

ወላጆች ሆይ! ልጅን ከመጀመሪያዋ ጉንጭ እንጠብቅ፤ ስንከለክልም ምክንያቱን እንንገር፤ በምትኩም ሐላሉን እናዘጋጅ፤ ዝምድናንም እንቀጥል። አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።