በመንገድ ዳር ስለ ወደቀው ሰው ማን ይጠየቃል?



ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተማረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው አስቀድሞ አይቶት ያለፈው ካህን ነበረ። እኛ ካህናት ይህን ምንባብ ስናነብ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ በተገባን ነበር። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከሚሴ ተነሥቼ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ብርሃን ስጓዝ፥ ጨፋ ሮቢት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አንድ ሰው በመንገዱ ዳር ወድቆ አየን። ከብት ጠባቂ ይመስላል፤ በትሩ ከጎኑ ተጥሏል፤ የገጨው መኪና አልቆመም። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ መንገዱ በገበያተኛ ተመልቶ ነበር። ሾፌሩ ቀዝቀዝ አደረገ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አሰገገ፤ «እግዚኦ» ተባለ፤ ከዚያም መኪናው ፍጥነቱን ጨመረ። እኔ በፊተኛው ወንበር መስቀሌን ይዤ ተቀምጬ ነበር። «አቁም» ብለው ይቆም ነበር። አላልሁም። ዘወር ብዬ ስመለከት አንዲት ገበያተኛ፥ በአለባበሷ ሙስሊም የሆነች ሴት፥ ሸክሟን አውርዳ ሻሿን ስትፈታ አየሁ።

በዚያች ቅጽበት በልቡናዬ የተመላለሰውን ልንገራችሁ፤ የእናንተም ልቡና ያውቀዋልና። «ሰው ሞልቷል፥ አንዱ ያነሣዋል፤ ፖሊስም ይመጣል፤ ብናነሣው ደግሞ ገጫችሁት ተብለን እንያዛለን» አልሁ። በአውቶቡሱ ከአርባ ሰው በላይ ነበርንና የእያንዳንዳችን ዕዳ ለአርባ የተከፈለ መሰለን። ነገር ግን ኃላፊነት እንደ እንጀራ ተካፋዩ በበዛ ቁጥር ድርሻው የሚያንስ ነገር አይደለም፤ የሚቆመው ሰው ሙሉውን ይሸከማል፥ የሚያልፈውም ሰው በሙሉው ይጠየቃል።

ይኸው መንገድ ከእኔ በፊትም ብዙ አላፊ አይቷል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ረኃብ በጸና ጊዜ ከየገጠሩ የተሰደደው ሕዝብ በአውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ የሚቀመስ ነገር ይለምን ነበር። 1,500 ያህል ገበሬዎች አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ ቢመጡ ፖሊስ መለሳቸው። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት ብቻ ይነገራል፤ ዝቅ ያለው ግምት 40,000፥ ከፍ ያለው 200,000 ነው።

እህል ከአገሩ ጨርሶ ጠፍቶ ነበርን? አልነበረም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ በዚያ ዘመን የመላው ኢትዮጵያ ምርት የቀነሰው በመቶ 7 ያህል ብቻ ነበር። አዝመራው የጠፋበት የወሎ ገበሬ ግን የሚሸጠውም የሚገዛበትም ስላልነበረው፥ ጥቂትም ቢሆን እህል ከወሎ እየወጣ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጓዝ ነበር። እስቲ ይህን አስቡት! እህሉን የሸጠው ነጋዴ ሌባ አይደለም፤ የጫነው ሾፌር ወንበዴ አይደለም፤ ሁሉም የየራሱን ሕጋዊ ሥራ ሠራ፥ ጎረቤትም በረኃብ ሞተ።

መንግሥቱ ነገሩን እንደ ሰወረ በታሪክ ተጽፏል፤ እውነትም ነው። መንገዱን ግን ማን ሊሰውረው ይችል ነበር? መንገደኛው በየቀኑ እያየ ያልፍ ነበር። አይተው ዝም ማለት ያልቻሉት ጥቂቶች ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው አሳዩ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ያሳየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ ያለውን ወራት ቁጠሩት።

ዛሬ ፎቶግራፍ አንሺው በዝቷል። አደጋ በደረሰበት ስፍራ ሁሉ ስልክ ከኪስ ይወጣል፤ የሚደማው ሰው ከመነሣቱ በፊት ሥዕሉ ከአገር አገር ይዞራል። የእነዚያ መምህራን ፎቶግራፍ ያላየው እንዲያይና እንዲነሣ የተነሣ ነበር፤ የእኛው ግን አይቶ ላለመነሣት ምክንያት ሆነን። በስልክ ማሳየቱን እንደ መርዳት ቈጥረን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን።

በወሎ ቅሬ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለን። ሰው ሲሞት በብዙ ስፍራ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለቀብሩ ይወጣል፥ የቀረ ይቀጣል። ይህን ያቆዩልን አባቶች ይመስገኑ። ሆኖም የቅሬ መዝገብ የሚያውቀው አባሉን ነው። በበጋ የጨፋን ረግረግ ሣር ፍለጋ አፋሩም ኦሮሞውም ከብቱን እየነዳ ይመጣል፤ በጎዳናውም የማናውቀው ሰው ሌሊትና ቀን ያልፋል። እርሱ በማን ቅሬ ተመዘገበ? በወንጌሉ ያ ሕግ ዐዋቂ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ሲጠይቅ የፈለገው እንዲህ ያለ መዝገብ ነበር፤ ጌታም መዝገቡን አልሰጠውም፥ የወደቀ ሰው አሳየው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ በጨፋ ሮቢት ሳልፍ አንድ ቀን ወርጄ ስለዚያ ሰው ጠየቅሁ። ገበያተኞቹ «የትኛው፥ አባ?» አሉኝ፤ በዚያ ጎዳና የወደቁት ብዙ ናቸውና። ይዳን ወይም ይሙት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሻሿን የፈታችውንም ሴት አላገኘኋትም።